የደም ናሙና ታሪክ፤ ከፓስተር የዶሮ መረቅ እስከ ኪሊፊ ሆስፒታል

የታሪክ ትምህርት ሲነሣ ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምናስበው ነገሥታትን፣ ጦርነቶችንና ውሎችን ነው። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ከበሽታ ጋር ሲያካሂደው የኖረው ትግል ከየትኛውም ጦርነት የማያንስ ታሪክ አለው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ትግል አንድ ምዕራፍ እንመለከታለን። ይኸውም ከበሽተኛ ሰው የደም ሥር ደም ተወስዶ በውስጡ ያለው ጀርም በላቦራቶሪ እንዲራባ የሚደረግበት፣ በሐኪሞች አነጋገር የደም ካልቸር የሚባለው ምርመራ ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እናሳስባለን።

ርዕሱን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የታሪክ፣ የባዮሎጂና የሒሳብ መምህራን በአንድነት ሊያስተምሩበት የሚችል ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ለተማሪዎቻችን ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። የምርመራ ውጤት እውነተኛነት የሚወሰነው በውድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ናሙናውን በወሰደው እጅ ጥንቃቄ ጭምር ነው።

ደምና ጀርም

በጤነኛ ሰው የደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወር ደም እንደ አፍ ወይም እንደ አንጀት የጀርም መኖሪያ አይደለም። ጥርሳችንን ስንፍቅ እንኳ ጥቂት ባክቴሪያዎች ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል ቶሎ ያጠፋቸዋል። ስለዚህ በደም ውስጥ ጸንቶ የሚኖርና የሚራባ ባክቴሪያ መገኘቱ ከባድ የአደጋ ምልክት ነው።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አልነበረም። በአገራችን አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች ዘንድ አባ ሰንጋ ተብሎ የሚታወቀው በሽታ ለመነሻው ትልቅ ድርሻ አለው። በ1850 ሬየርና ዳቬን የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በአባ ሰንጋ የሞቱ በጎችን ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ትናንሽ ዘንግ መሰል ነገሮችን አዩ። እነዚህ ዘንጎች የበሽታው መንሥኤ ይሁኑ ወይም በበሽታው ምክንያት የመጡ ይሁኑ ግን ወዲያው አልታወቀም። ጥያቄውን ለመመለስ ዘንጎቹን ከደሙ ለይቶ፣ ከእንስሳው አካል ውጭ ማራባት ያስፈልግ ነበር።

ይህን የፈጸመው ሮበርት ኮኽ ነው። ኮኽ በዚያን ጊዜ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ነበር። ሰፊ ላቦራቶሪ አልነበረውም። ከከብት ዓይን በተወሰደ ንጹሕ ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ የአባ ሰንጋን ዘንጎች ደጋግሞ አራባ፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ የተገኘው ጀርም አይጦችን ገደለ። ውጤቱን በ1876 ይፋ አደረገ።

የፓስተር ሰሌዳ

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የማዋለጃ ሆስፒታሎች የወሊድ ትኩሳት ብዙ እናቶችን ይፈጅ ነበር። መጋቢት 11 ቀን 1879 በፓሪስ የሕክምና አካዳሚ ስብሰባ አንድ ሐኪም ስለዚሁ በሽታ መንሥኤ ሲናገር፣ ሉዊ ፓስተር ንግግሩን አቋርጦ ተነሣ። በሽታውን ከታመመችው ሴት ወደ ጤነኛይቱ የሚያዛምቱት ሐኪሞቹና ረዳቶቻቸው ራሳቸው መሆናቸውን ተናግሮ፣ ጀርሙ ምን እንደሚመስል ጠመኔ አንሥቶ በሰሌዳው ላይ ሣለ። ሥዕሉ በክር እንደ ተሰካ ዶቃ የተያያዙ ክብ ነጠብጣቦች ነበሩ። ዛሬ ስትሬፕቶኮከስ የምንለው ባክቴሪያ ነው።

ፓስተር ይህን ለመናገር ያበቃው ግምት አልነበረም። በ1880 ባቀረበው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ከታመሙት ሴቶች ጣት ጥቂት ደም እየወሰደ በተፈላ የዶሮ መረቅ ውስጥ በመጨመር ጀርሙን ያራባ ነበር። ፓስተር አየሩም፣ ቆዳውም፣ ዕቃውም የራሳቸው ጀርም እንዳላቸው ቀደም ባሉት ሥራዎቹ ያረጋገጠ ሰው በመሆኑ፣ ከደሙ ያልመጣ ጀርም ወደ መረቁ ገብቶ እንዳያሳስተው ይጠነቀቅ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ የምርመራውን ዋና ችግር እናገኘዋለን። መረቁ ለማንኛውም ጀርም ምግብ ነው። ከደም ሥር ለመጣው ጀርም ብቻ የተለየ አይደለም። ከሐኪሙ ጣት፣ ከበሽተኛው ቆዳ፣ ከብልቃጡ ክዳን የገባውንም እኩል ያሳድጋል። እንግዲህ በመረቁ ውስጥ ያደገው የማን ጀርም ነው? ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ማሻሻያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህንን ጥያቄና አንድ ሌላ ጥያቄ ለመመለስ የተደረጉ ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ በደሙ ውስጥ በእርግጥ ያለው ጀርም ሳያድግ ቢቀርስ? የሚል ነው።

ከማዕድ ቤት የመጣ ስጦታ

በፈሳሽ መረቅ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ጀርሞች ተቀላቅለው ሲያድጉ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ኮኽ ይህን በመገንዘብ ጀርሞችን በጠጣር ነገር ላይ ለማሳደግ ሞከረ፤ በመጀመሪያ በተቀቀለ ድንች፣ ቀጥሎም በጄላቲን ተጠቀመ። ጄላቲን ግን በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል። መፍትሔው የተገኘው ፋኒ ሄሰ ከተባለች ሴት ነው። ባለቤቷ ዋልተር ሄሰ ከኮኽ ጋር ይሠራ ነበር። እርሷ ከባሕር አረም የሚገኘውን አጋር ለምግብ ማርጊያነት ታውቀው ስለ ነበር በጄላቲን ምትክ እንዲሞከር ሐሳብ ሰጠች። ይህ የሆነው በ1881 ገደማ ነው። በ1887 ደግሞ ሪቻርድ ፔትሪ ክዳን ያለውን ዝርግ ሳሕን አስተዋወቀ። እስከ ዛሬ ድረስ በደም ካልቸር ብልቃጥ ውስጥ ያደገ ጀርም ተለይቶ የሚታወቀው በአጋር ላይ ከተዘራ በኋላ ነው።

የአንጀት ተስቦና የቁጥር ጉዳይ

ታይፎይድ ወይም የአንጀት ተስቦ የሚያስከትለውን ባክቴሪያ ኤበርት በ1880 በማይክሮስኮፕ አየው፤ ጋፍኪም በ1884 አራባው። በሕይወት ካለ በሽተኛ ደም ማግኘት ግን ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛው፣ በደም ውስጥ የሚገኘው የጀርም ቁጥር እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ደሙ ራሱ ጀርም የሚገድል ኃይል ስላለው በብልቃጡ ውስጥም ሥራውን መቀጠሉ ነው።

የመጀመሪያውን ችግር በምሳሌ እንግለጸው። አንድ እንክርዳድ በአማካይ በየአምስቱ ስኒ ስንዴ ውስጥ ይገኛል እንበል። ከጆንያው ሁለት ስኒ ብቻ ቀድቶ እንክርዳድ ያጣ ሰው፣ ስንዴው ንጹሕ ነው ብሎ ቢምል ተሳስቷል። በደምም እንዲሁ ነው። በየአምስቱ ሚሊ ሊትር በአማካይ አንድ ጀርም ቢኖር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ምንም ጀርም ያለመገኘቱ ዕድል ከመቶ 82 ገደማ ነው። ሁለት ሚሊ ሊትር ብንወስድ 0.82ን በ0.82 እናባዛለን፤ ጀርሙን የማጣት ዕድላችን ከመቶ 67 ይሆናል። ሃያ ሚሊ ሊትር ብንወስድ ግን 0.82ን ሃያ ጊዜ በራሱ እናባዛለን፤ የማጣት ዕድላችን ወደ ከመቶ 2 ይወርዳል። የሒሳብ መምህራን ይህን ስሌት በክፍል ውስጥ ቢያሠሩት፣ ተማሪው የዕድል ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም በቀላሉ ይረዳዋል።

በመሆኑም ሐኪሞች ከጣት ጠብታ ይልቅ ከክንድ የደም ሥር በርከት ያለ ደም መውሰድ ጀመሩ። ለሁለተኛው ችግር ደግሞ ደሙን በብዙ መረቅ የማቅጠን ዘዴ ተገኘ፤ ደሙ ሲቀጥን የመግደል ኃይሉ ይዳከማልና ነው። በ1899 አካባቢ በዚህ ዘዴ የታይፎይድን ጀርም ከበሽተኞች ደም ካገኙት አንዱ ጣሊያናዊው አልዶ ካስቴላኒ ነው። ይህ ሰው በ1903 በኡጋንዳ፣ በእንቴቤ፣ የእንቅልፍ በሽታን መንሥኤ በማወቅ ረገድ የሠራው ሥራ በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና ታሪክ ውስጥ ይጠቀሳል። እንዲሁም ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የወራሪውን ጦር የሕክምና አገልግሎት በበላይነት የመራው እርሱ ነበር። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የታሪክ ተማሪ የአንድን ሰው ግኝት ከፍ አድርጎ ሲያይ፣ ያ ሰው ዕውቀቱን ለማን እንዳዋለውም አብሮ መመርመር ስለሚገባው ነው።

ብልቃጡ እየተሻሻለ ሲሄድ

በ1938 ፎን ሄብለርና ማይልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሊኮይድ የተባለው ኬሚካል በደም ካልቸር ላይ ያለውን ውጤት አሳተሙ። ይህ ኬሚካል ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ የደሙንም ጀርም የመግደል ኃይል ያዳክማል። ዛሬም በአብዛኛው የደም ካልቸር ብልቃጥ ውስጥ ይገኛል። ለሌላ ምርመራ በተዘጋጀ ቱቦ የተወሰደ ደም ለካልቸር የማይሆንበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ ቱቦዎች ውስጥ ያለው የደም ማርጊያ መከላከያ ጀርሙን ራሱን ሊጎዳው ይችላል።

በ1947 ደግሞ የሜክሲኮው ሩይስ ካስታኜዳ አንድ ብልሃት አመጣ። በአንድ ብልቃጥ ውስጥ በአንድ ጎን የረጋ አጋር፣ ከሥር ደግሞ ፈሳሽ መረቅ እንዲኖር አደረገ። ደሙ ከገባ በኋላ ብልቃጡን ዘንበል ማድረግ ብቻ መረቁን በአጋሩ ላይ ያፈስሰዋል፤ ክዳኑን መክፈት አያስፈልግም። ካስታኜዳ ያጠናው ከፍየልና ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስን ነበር። ይህ ጀርም ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኞችንም የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ሳይከፈት የሚመረመር ብልቃጥ ለናሙናውም ለሠራተኛውም ጥበቃ ሆነ።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ጀርም ሲያድግ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለኩ መሣሪያዎች መጡ። በ1990ዎቹ ብልቃጦቹን ሌትና ቀን እየነቀነቁ የሚከታተሉ አውቶማቲክ መሣሪያዎች ተስፋፉ። እነዚህ መሣሪያዎች ፈጣኖች ናቸው። ነገር ግን በደም ውስጥ የነበረውን ጀርምና ከቆዳ የገባውን ጀርም ለይተው አያውቁም። የሁለቱንም ጋዝ እኩል ይለካሉ።

ኪሊፊ ምን አስተማረን?

ኪሊፊ በኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙ ጊዜ በገጠር አፍሪካ ትኩሳት ይዞት ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ሕፃን በቅድሚያ የሚጠረጠረው በወባ ነበር። በኪሊፊ ሆስፒታል ግን ከ1998 ጀምሮ ተኝተው ከሚታከሙ ሕፃናት ገና ሲገቡ ለካልቸር የሚሆን ደም ይወሰድ ጀመር። እስከ 2002 ድረስ 19,339 ሕፃናት ገብተው ነበር። በ2005 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ60 ቀን በታች ከሆኑት ውስጥ ከመቶ 12.8፣ ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ ከመቶ 5.9 በደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘባቸው። በሆስፒታሉ ከሞቱት ሕፃናት መካከል ከመቶ 26 የሚሆኑት በደማቸው ባክቴሪያ የነበረባቸው ናቸው።

ይህ ቁጥር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ደማቸው ባይመረመር ኖሮ የእነዚህ ሕፃናት የሞት ምክንያት በሌላ በሽታ ስም ይመዘገብ ነበር። በምርመራው ከተገኙት ጀርሞች አንዱ፣ ማጅራት ገትርና የሳምባ ምች የሚያስከትለው ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ኬንያ የዚህን ጀርም ዓይነት ቢ የሚከላከል ክትባት በኅዳር 2001 ጀመረች። ከክትባቱ በፊት በኪሊፊ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100,000 ሕፃናት መካከል በዓመት 66 ያህሉ በከባድ ሁኔታ ይያዙ ነበር። በ2004 እና 2005 ቁጥሩ ወደ 7.6 ወረደ። ክትባቱ መሥራቱን ያስመሰከረው ለዓመታት በጥንቃቄ የተወሰደው የደምና የኅብለ ሠረሠር ፈሳሽ ናሙና ነው። ኢትዮጵያም ይህንን ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስን ክትባት ደግሞ በ2011 በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገብታለች።

አወሳሰዱና አያያዙ

እስቲ አሁን ያለውን አሠራር ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል እንመልከት።

1ኛ/ የተቻለ እንደሆነ ደሙ የሚወሰደው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ነው። በሰሜን አሜሪካ ተደርጎ በ2019 በታተመ ጥናት፣ በጽኑ ከታመሙ ሰዎች መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በተወሰደው ደም ከመቶ 31.4 ላይ ጀርም ሲገኝ፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ በሁለት ሰዓት ውስጥ በተወሰደው ግን ከመቶ 19.4 ላይ ብቻ ተገኝቷል። ይህ ሲባል ግን በሞት አፋፍ ላይ ያለ በሽተኛ ናሙና እየተጠበቀ መድኃኒቱ ይዘግይበት ማለት አይደለም።

2ኛ/ ቆዳው በአልኮል ወይም ክሎርሄክሲዲን ባለበት አልኮል ይጸዳል፤ ከዚያም እስኪደርቅ ይጠበቃል። ፈሳሹ ጀርም ለመግደል ጊዜ ይፈልጋልና። ከተጸዳ በኋላ ቦታው እንደገና በጣት አይዳሰስም። የብልቃጡ የላስቲክ ክዳንም በአልኮል ይጠረጋል።

3ኛ/ ለአዋቂ ሰው በአንድ ብልቃጥ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይገባል። ለሕፃናት መጠኑ በክብደታቸው ይወሰናል። ለሌላ ምርመራም ደም የሚወሰድ ከሆነ የካልቸሩ ብልቃጥ ይቀድማል።

4ኛ/ ደሙ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይወሰዳል። አስተዋይ ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንደማይፈርድ ሁሉ ሐኪሙም ሁለቱን ያነጻጽራል። የቆዳ ጀርም በአንዱ ብቻ ቢገኝ ከውጭ የገባ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዓይነት ጀርም በሁለቱም ቢገኝ ግን ከደሙ የመጣ መሆኑ ይጠናከራል።

5ኛ/ በብልቃጡ ላይ የበሽተኛው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ደሙ የተወሰደበት ቦታ ይጻፋል። ስም የሌለው ናሙና የማንም ሊሆን ይችላል።

6ኛ/ ብልቃጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም፤ በክፍል ሙቀት፣ ቢቻል በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል። እንደ ማጅራት ገትር ጀርም ያሉት ብርድ አይችሉም። ምግብን ከብልሽት የሚጠብቀው ብርድ ይህን ናሙና ያበላሸዋል።

7ኛ/ ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስለትም፤ ወዲያው በተዘጋጀው የመርፌ መጣያ ሣጥን ውስጥ ይጣላል። ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ቫይረሶች በመርፌ ወጋታ ይተላለፋሉና።

እነዚህ ሕጎች ቢጣሱ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። ጀርሙ እያለ የለም ከተባለ በሽተኛው ተገቢውን መድኃኒት ያጣል። ከቆዳ የገባ ጀርም እንደ በሽታ ከተቆጠረ ደግሞ የማያስፈልገውን መድኃኒት ይወስዳል፤ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል።

ለእኛ ያለው ትርጉም

በአዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ ፓስተር የሚባል ሠፈር አለ። ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ያ ተቋም ስሙንና አደረጃጀቱን እየለወጠ መጥቶ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከሚባለው ደርሷል። ከዚህ እንደምንረዳው የላቦራቶሪ ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ የደም ካልቸር አገልግሎት በአህጉራችን ገና አልተስፋፋም። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ጨምሮ በ14 የአፍሪካ አገሮች ተደርጎ በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከ50,000 ያህል ላቦራቶሪዎች የባክቴሪያ ምርመራ የሚያካሂዱት ከመቶ 1.3 ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል።

በብዙ ቦታ ታይፎይድ የሚመረመረው በቪዳል ዘዴ ነው። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ቪዳል በ1896 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ርካሽና ፈጣን ነው፤ የሚያሳየው ግን ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት በጀርሙ ላይ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። በሽታው በብዛት ባለበት አገር ቀድሞ የተያዘ ሰው ዛሬ በሌላ ምክንያት ቢያተኩሰውም ታይፎይድ አለብህ ሊባል ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው መድኃኒት ያለ ቦታው የዋለ ነው። በ2019 በመላው ዓለም መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ሲታሰብ፣ በግምት መድኃኒት መስጠት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግልጽ ይሆናል።

እንግዲህ መምህራን ምን ማድረግ እንችላለን? በክፍል ውስጥ የተማሪ ደም መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። ሐሳቡን ግን ያለ ደም ማስረዳት ይቻላል። በሁለት ብልቃጥ የሥጋ መረቅ አፍልቶ፣ የአንደኛውን አፍ ገና ሲፈላ በንጹሕ ጥጥ ወትፎ፣ ሁለተኛውን ለአንድ ቀን ከፍቶ ትቶ ከዚያ በመዝጋት፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚደፈርስ ለጥቂት ቀናት መመልከት ነው። ተማሪዎች ብልቃጦቹን መክፈትም ማሽተትም የለባቸውም፤ በመጨረሻ መምህሩ እንደ ተዘጉ በፈላ ውኃ ውስጥ በደንብ ቀቅሎ ያስወግዳቸዋል።

ከዚህም ሌላ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ከመድኃኒት ቤት በራሱ ፈቃድ ፀረ ባክቴሪያ ገዝቶ ከመዋጡ በፊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት ተማሪዎች ለወላጆቻቸው እንዲነግሩ ማድረግ ይገባናል። መድኃኒቱን ውጦ የመጣ በሽተኛ ጀርሙ በደሙ ውስጥ እያለም ምርመራው ሊያጣው እንደሚችል ከላይ አይተናል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ከተማሪዎቻችን መካከል ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም ሐኪም የሚሆኑ ጥቂት አይደሉም። አንድ ቀን በሌሊት ተረኛ ሆነው፣ ደክሟቸው፣ በሽተኛው እያቃሰተ፣ አልኮሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሰከንዶች የመጠበቅ ወይም ያለመጠበቅ ምርጫ ከፊታቸው ይቀርባል። ያን ጊዜ የሚያያቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ሕጉን በቃል ከማጥናት አልፈው ምክንያቱን ተረድተውት ከሆነ ግን ይጠብቃሉ። ምክንያቱን የማስረዳቱ ኃላፊነት የእኛ የመምህራን ነው።